ኢጃ ጉዳ የተባለው ዓሣና ቲቸር ንግስቲ

ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቴ እንቅርቷን በቀዶ ጥገና አስወጣች። ከክፍሉ የወጣች ወጣት ነርስ አንዲት አፈ ሰፊ ጠርሙስ እጄ ላይ አድርጋ፣ «እናቴ፣ ይቺን ላቦራቶሪ ያድርሱልን» አለችኝ። ከእህቴ አንገት የወጣው ሥጋ ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ኮሪደሩን ሳልጨርስ፣ ክዳኑ በደንብ አልጠበቀ ኖሮ፣ ሽታው ተነሣና አፍንጫዬ ገባ። ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ ጉሮሮ የሚያንቅ፣ የፎርማሊን ሽታ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አላፊ አግዳሚው ለእህቴ የደነገጥኩ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ጂማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ የአባቴ ግቢ ውስጥ፣ ቲቸር ንግስቲ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ደጃፍ ላይ ነበርኩ።

ወደ እኛ የመጣችው ትምህርት ሊጀመር ሰሞን ነው። ዝናቡ ገና አላባራም። የጂማ ጭቃ ጫማዋን ከእግሯ ሊነጥቅ ሲታገላት፣ እሷ አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ ለኩሊ አሸክማ፣ ራሷ ደግሞ አንድ ዘንቢል እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች። የአውቶብሱ ረዳት ዘንቢሉን ከላይ ልጫነው ቢላት እምቢ ብላ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ጭኗ ላይ ይዛው ነው የመጣችው። እናቴ ልትቀበላት እጇን ብትዘረጋ ሸሸች።

«ማር ነው?» አለቻት እናቴ።

«ዓሣ ነው።»

«ዓሣ! ለወጥ?»

ቲቸር ንግስቲ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ብዙ ስትስቅ አላየኋትም፤ ስለዚህ ያቺን ሳቅ አስታውሳታለሁ። በነጠላ የተጠቀለለውን ፈትታ አሳየችን። ጠርሙስ ውስጥ አንድ ነጣ ያለ ዓሣ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ በቁሙ ተንሳፍፎ ያየናል። ዓይኑ ለፊቱ ከልክ በላይ ትልቅ ነበር። ከላዩ ላይ ያ ሽታ ይነሣል። እናቴ «አዑዙ ቢላህ» ብላ ወደ ኋላ አለች።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሂርማታ ገበያ አጠገብ ባለች ሱቁ በረንዳ ላይ ባለ መርገጫ መኪናውን ዘርግቶ፣ ድሮ የሙሽራ ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ፣ በዚያን ዘመን ከካኪ በቀር የሚሰፋው አልነበረውም። የተማሪ ካኪ፣ የሚሊሻ ካኪ፣ የቀበሌ ጥበቃ ካኪ። ቤታችን ውስጥ ሁሉ የካኪ ብናኝ ነበር። ቀይ ሽብሩ ካለፈ ገና ብዙ አልቆየም። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ባዶ የቀሩ ወንበሮች ነበሩ፤ ማን ይቀመጥባቸው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያነሣም። አባቴ ሬዲዮኑን ዜና ሲሆን ከፍ ያደርገዋል፤ ከዜናው በኋላ ከእናቴ ጋር የሚያወራው እንዳይሰማ።

ቲቸር ንግስቲ የምጽዋ ልጅ ነበረች። እዚያ ስለ ባሕር እንስሳት የሚጠናበት ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ባሏ ወደቡ ላይ ነበር ሥራው። ጦርነቱ ከተማዋን ሲከብብ እሷ ለሥራ አዲስ አበባ ነበረች፤ እሱ እዚያው ቀረ። ይኑር ይሙት አታውቅም። ይህን የነገረችው ለእናቴ ብቻ ነው፤ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ጎመን እየቀነጠስኩ ሰማሁ። እናቴ «ያ ረቢ! ማሎ፣ እኔ እህትሽ አለሁልሽ» እያለች አብራት አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ክርስቲያኗ ተከራያችን የእናቴ ታናሽ እህት ሆነች። ትምህርት ቤት «እርስዎ» የምላትን ቤት ስንገባ «አንቺ» እንድላት ያዘዘችኝም እሷው ናት። «ሁለት ጊዜ እንግዳ አታድርጊኝ፣ ረህማ» አለችኝ።

ባዮሎጂ ታስተምረን ነበር። የክፍላችን መስኮት ግማሹ በካርቶን የተደፈነ ነው። ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ቀይ ጨርቅ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ መፈክር ተሰቅሏል። አንድ ቀን ያንን ጠርሙስ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ከየት እንዳገኘችው የማላውቀውን ባለ ቀለም ጠመኔ ከቦርሳዋ አውጥታ መሣል ጀመረች።

ከመካከላችን ባሕር ያየ አልነበረም። ውሃ ማለት ለእኛ አዌቱ ወንዝ ነው፤ በጣም ከበዛ ደግሞ ጉማሬ የሚታይበት የቦዬ ረግረግ። እሷ ግን ሰሌዳው ላይ ጫካ የሚመስል ድንጋይ ሣለች። ኮራል ይባላል አለችን፤ ጥቃቅን እንስሳት ዘመን ከዘመን እየተደራረቡ የሠሩት ግንብ ነው፤ ሥሩ ዋሻ በዋሻ ነው። ዋሻው ውስጥ ዓሣውን አስገባችው፣ በቀይ ጠመኔ።

«ፀሐይ ሳለች ይሄን ዓሣ አታገኙትም» አለች። «ከመሰሎቹ ጋር ተጠጋግቶ፣ ፊቱን ወደ ደጅ አዙሮ፣ ዋሻው ውስጥ ይውላል። ዓይኑ እንዲህ የገዘፈው በጨለማ ያለችውን ጥቂት ብርሃን ለመልቀም ነው። ሲመሽ የቀን ዓሦች ወደየጎሬያቸው ይገባሉ፤ የሌሊቶቹ ደግሞ ገና አልወጡም። በዚያች መሃል ባሕሩ ጭር ይላል። አዳኞች የሚመጡት ያኔ ነው።»

ክፍሉም ጭር አለ። ሁላችንም ስለ ሰዓት እላፊ እያሰብን እንደነበር ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እሷ ግን ያስተዋለችው አይመስለኝም። ሐሳቧ እዚያ ውሃ ውስጥ ነበር። ፊቷ ላይ፣ ቤት ውስጥ አይቼው የማላውቀው ብርሃን ነበር።

«በደንብ ሲጨልም ይወጣና ሸርጣን ይለቅማል። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ብዙ አይርቅም፤ እንዳይታይ። ጎህ ሳይቀድ ይመለሳል፤ ባገኘው ዋሻ ውስጥ አይደለም፣ የራሱ ዋሻ ውስጥ። ስንት ዋሻ አልፎ የራሱን እንዴት እንደሚያገኘው በደንብ አናውቅም። ድምፅም አለው። ሲቆጣ ወይም ሲፈራ በሆዱ ያለችውን የአየር ከረጢት እየመታ ያጉረመርማል።»

አጠገቤ የሚቀመጠው ሙክታር እጁን አወጣ። ሙክታር የጫት ነጋዴ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ሳቅ ካላስነሣ ቀኑ የማይመሽለት። «ቲቸር፣ ቀይ ከሆነ እንዴት ይደበቃል? ቀይ’ኮ ከሩቅ ነው የሚታየው።»

«ጎበዝ!» አለች፤ ጥያቄውን ስትጠብቀው የኖረች ይመስል። «አየር ላይ ነዋ። ውሃ ብርሃንን ይበላል። መጀመሪያ የሚበላው ቀዩን ነው። ጠለቅ ስትሉ ቀይ የሚባል ነገር የለም፤ ጥቁር ይመስላል። ቀይነቱ መደበቂያው ነው።»

«ታዲያ ይሄኛው ለምን ነጣ?»

«ፎርማሊን ቀለሙን ወሰደበት። ሳጠምደው እንደ በርበሬ ነበር።»

ተራ በተራ እየተነሣን ጠርሙሱን አየን። ሙክታር አፍጥጦ አየውና፣ ዓሣውም አፍጥጦ ሲያየው፣ «ያ ረቢ! ኢጃ ጉዳ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቅ ትልቅ ዓይን ማለት ነው በኦሮምኛ አልናት። «ጥሩ ስም ነው። አማርኛ ስም የለውም፤ በዚሁ እንጥራው» ብላ ሰሌዳው ላይ ከዓሣው በታች ጻፈችው።

ያ ስም ተወዳጅ ሆነ። ዓይኑ የፈጠጠ ልጅ ኢጃ ጉዳ ተባለ፤ ያመሸ ኢጃ ጉዳ ተባለ። በዚያ ዘመን የምንስቅበት ነገር ጥቂት ነበር፤ ያገኘነውን እስኪያልቅ እንልሰዋለን። ከዚያ አንድ ጠዋት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈ ነገር ተገኘ። «ኢጃ ጉዳ ሌሊት ይወጣል።» የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ የክፍላችን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሙክታር «ጃ»ን በዓሣ ጅራት ነበር የሚጨርሳት፤ ከዚያ ትምህርት ወዲህ።

የትምህርት ቤታችን ካድሬ ጓድ ታደለ ይባላል። ገና ወጣት ነበር። ጃኬቱ ሥር ሽጉጥ ነበረው። ክፉ ሰው ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፤ ሳስበው ግን እንቅልፍ ያጣ፣ ከበላዮቹ የፈራ፣ ያላገኘውን ጠላት እንዳያመልጠው የሚባንን ሰው ነበር። ባንዲራ ስንሰቅል ሰልፉ ፊት ቆመ።

«ኢጃ ጉዳ ማነው?»

ማንም አልሳቀም።

«የማን የትግል ስም ነው? ሌሊት ወጥቶ ምን ይሠራል? የሚያውቅ ይውጣ!»

ከኋላ አንዲት ልጅ በቀጭን ድምፅ «ዓሣ ነው» አለች። መጥቶ በጥፊ መታት። ሙክታርን ዞር ብዬ አየሁት። ከንፈሩ አመድ መስሏል። በዚያን ዘመን ግድግዳ ላይ መጻፍ ምን እንደሚያስከትል ከባዶዎቹ ወንበሮች ተምረናል።

ክፍላችንን ለብቻ አስቀረው። ያስተማረቻችሁን ንገሩኝ አለን። ያቺ የተመታችው ልጅ፣ ጉንጯ ላይ ጣቶቹ እንደቀሉ፣ ለፈተና እንዳጠናች ሁሉ በቃሏ ወረደችው። ቀን ዋሻ ይደበቃል። ሌሊት ይወጣል። ሲመሽ አዳኞች ይመጣሉ። ካድሬው መጀመሪያ እያላገጠ ነበር የሚያዳምጠው፤ ቀስ በቀስ ግን ፊቱ ተለወጠ። ቀይ መጀመሪያ ይጠፋል የሚለው ላይ ስትደርስ እጁን አነሣ።

«ምን አልሽ? ማነው የሚጠፋው?»

«ቀይ … ቀዩ ቀለም … ጥቁር ይመስላል…»

ቀና ብሎ መፈክሩ የተጻፈበትን ቀይ ጨርቅ አየ። እኛም አየነው። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ቲቸር ንግስቲ ገባች። ማንም አልጠራትም። ጠመኔ የነካው እጇን ጋዋኗ ላይ እየጠረገች፣ «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ልጆቹ ያጠኑት የእኔን ትምህርት ነው። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ኦሮምኛ የምትችይው?»

«ዓይን እና ትልቅ የሚሉትን ተምሬአለሁ።»

«ግድግዳ ላይ ያስጻፍሽውስ ማንን ነው?»

«ዓሣ ነው፣ ጓድ። የዓሣ ስም ነው።»

ሙክታር ከወንበሩ ሊነሣ ሲል እጇን በዝግታ ዝቅ አደረገች፤ ክፍል ውስጥ ዝም በሉ ስትለን እንደምታደርገው። ተቀመጠ። ሚሊሻዎች እየነዱ ወሰዷት።

የታሰረችው የአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን በነበረ ቤት ነው። ነጋዴው ተወርሶበት ቀበሌው እስር ቤት አድርጎታል። ግድግዳው የጀንፈል ቡና ሽታ ይዞ ቀርቷል፤ እስረኛ የሚለብሰው ሁሉ ያንኑ ይሸት ነበር። ከእናቴ ጋር ምሳ ስናደርስ ጠባቂው ሽሮውን በእንጨት እያማሰለ ይፈትሻል። ከሽቦው ወዲያ ቆማ መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «ልጆቹን ነኳቸው?» እናቴ «አልነኳቸውም፣ አንቺ ብቻ ብይ» ትላታለች። አንድ ቀን ግን ከንፈሯ አብጦ ነበር። ቤት እስክንደርስ እጄን አጥብቃ ይዛ፣ ማልቀሷን በነጠላ ሸፍና ሄደች። አባቴ የዚያን ቀን የሚሊሻ ካኪ መስፋቱን አቁሞ መኪናውን እያየ ተቀመጠ። በማግስቱ ግን ሰፋ። ምን ያድርግ?

ክፍሏን ሊፈትሹ መጥተው ነበር። ከልብሷና ከመጻሕፍቷ በቀር ያገኙት ጠርሙሱን ነው። ወሰዱት።

ስለ እሷ ስብሰባ እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ተጠራ። የቀረ ስኳሩን አያገኝም ስለተባለ ሁሉም መጣ። መድረኩ ላይ ሊቀመንበሩ፣ ጓድ ታደለና ሚሊሻ የሚያሠለጥኑት ሃምሳ አለቃ ደምሴ ተቀምጠዋል። ሃምሳ አለቃ አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ፣ ከአሠልጣኝነታቸው ሌላ ማንም ስለሳቸው የማያውቀው ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ጠርሙሱ ጠረጴዛው መሃል ነበር። ቲቸር ንግስቲን ከጎን አቆሟት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓሣውን ብቻ ትመለከታለች።

ጓድ ታደለ ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ ጠርሙሱን ከፍ አደረገ። «ቀይ ነው ብላ ታስተምራለች። እናንተው እዩት! ነጭ ነው። ቀይ ይጠፋል፣ ነጭ ይቀራል ማለት ምን ማለት ነው?»

ነጭ የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ሰው የሚገድል ቃል ነበር። አባቴ ተነሣ። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ ዓሣ አላውቅም» አለ። «ሴትዮዋ ግን የምትኖረው እኔ ቤት ነው። ወላሂ፣ ከመሸ ደጅ ወጥታ አታውቅም። ዋስ ካስፈለገ እኔ አለሁ።»

«አንተ ተቀመጥ!» አለው ጓድ ታደለ። «ለአንተም ጊዜ ይኖረናል።»

አባቴ ተቀመጠ። እናቴ ክንዱን ያዘች። ያኔ ሃምሳ አለቃ ደምሴ እያነከሱ ተነሡና ጠርሙሱን ከካድሬው እጅ ወሰዱ። ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ ቲቸር ንግስቲ ዞረው፣ ያላቸው በማይመስለን ለስላሳ ድምፅ ጠየቋት።

«የት ነው የያዝሽው?»

«ከወደቡ ውጭ፣ ከደሴቶቹ ወዲህ።»

«በመንጠቆ?»

«በመንጠቆ። ሲመሽ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ መርከበኛ ነበርኩ» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ይሄን ዓሣ አውቀዋለሁ። ቀን ብትውል አንድ አትይዝም። ሲመሽ ግን መንጠቆ እንጥላለን። ሲወጣ ደም ነው የሚመስል፤ እጅህ ላይ ሆኖ ያጉረመርማል። ጉንጩ ላይ እሾህ አለው፤ እዩት፣ ወግቶኛል።» መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ከሩቅ ምን እንዳለበት አይታይም። «ሲሞት ነው የሚነጣ። ሁሉም ሲሞት ይነጣል፣ ጓድ ታደለ።»

ጠርሙሱን ቀስ አድርገው አስቀምጠው ወንበራቸው ላይ ተመለሱና ቆባቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ሲርገበገብ አየን። ጓደኞቻቸው በዚያ ውሃ ውስጥ እንደቀሩ የሰማነው በኋላ ነው። ቲቸር ንግስቲም በቆመችበት፣ ከታሰረች ጀምሮ ያልታየ እንባዋ ወረደ። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሕዝብ፣ ሁለቱን ያይ ነበር።

ሊቀመንበሩ መውጫ ሲፈልጉ ነበር መሰለኝ፣ ጉዳዩ ተጣርቷል ብለው ቶሎ ዘጉት። ተፈታች። ግን ካድሬው ባዶ እጁን መመለስ አልነበረበትምና፣ ከክፍል ተነሥታ ሊሙ ገነት የመሠረተ ትምህርት እንድታስተምር ተወሰነ። ጠርሙሱ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቀረ። ይሰጠን ብሎ ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም።

የሄደችው የቡና ጆንያ በጫነ መኪና፣ ጋቢና ውስጥ ነው። ሙክታር በር ላይ መጥቶ ቆመ። ያ ቀልደኛ ልጅ አንድ ቃል አጣ። ጆሮውን ያዝ አድርጋ፣ «ፈተና ላይ ኢጃ ጉዳ ብለህ እንዳትጽፍ» አለችው። ዞሮ ሮጠ። በእሷ ፋንታ የመጣው መምህር ዓሣ የሚለውን ምዕራፍ ዘለለው። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

በተከታዩ ዓመት ቡና ሲደርስ፣ አባቴ የሠራተኛ ልብስ ሊያስረክብ ሊሙ ገነት ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። እናቴ ቅቤና በሶ አስይዛኛለች። አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ለቡና ለቃሚ ሴቶች ፊደል ስታስቆጥር አገኘናት። ከስታለች። ፀጉሯ ከፊቱ ሸብቷል። አቅፋ ሳመችኝ፤ ስለ እናቴ ጠየቀች፤ ስለ ሙክታር ጠየቀች። እኔም ልጅ ነኝና፣ ደስ የሚላት መስሎኝ፣ ያ ዓሣ የራሱን ዋሻ እንዴት እንደሚያገኝ ይታወቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። ፊቷ ተዘጋ።

«እሱን ተዪው፣ ረህማ» አለች። «አሁን ሀ ሁ ነው የማስተምረው። ሀ ሁ ማንንም አያስጠይቅም።»

ተመልሰን ስንመጣ መኪና ውስጥ አባቴ፣ «ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ። የደበደቧት ቀን ካበጠው ከንፈሯ ይልቅ ያ ንግግሯ አስፈራኝ።

ሙክታር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ወደ ሰሜን ነው የላኩት፤ አልተመለሰም። እናቱ ዘንድ ለቅሶ፣ ተዕዚያ ስንቀመጥ የት እንደወደቀ እንኳ የሚነግራቸው አልነበረም። ባሕሩን አይቶት እንደሆነ አላውቅም። ቲቸር ንግስቲ መርዶውን ሰምታ ከሊሙ መጥታ ነበር። ከሴቶቹ መሃል ቁጭ ብላ ውላ ሄደች። እኔ ያየኋት ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው። መንግሥት ሲለወጥ መንገድ ተከፈተና ባሏን ልትፈልግ ወደ ምጽዋ ሄደች ተባለ። ከዚያ መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ወሬዋ ጠፋ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ዱዓ ስታደርግ ስሟን ትጠራ ነበር።

እህቴ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ለዘመድ ሠርግ ሊሙ ገነት ሄድኩ። በነጋታው ጠዋት፣ የሠርግ ቤቱ ሁካታ ሲሰለቸኝ፣ ከእሸት ቡና ማጠቢያው በታች ወዳለው ወንዝ ወረድኩ። ወንዙ እዚያ ጋ ይሰፋል፤ ይጠልቃል። አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች። ከፊቷ አንዲት ትንሽ ልጅ ቀሚሷን እንደለበሰች ውሃው ውስጥ ናት። ጥልቁ ጋ። ደነገጥኩ።

«ኧረ ልጅቷን!» ብዬ ጮኽኩ።

ሴትዮዋ ሳቀች። «ኮቱ፣ ነይ ቁጭ በይ። የልጄ ልጅ ናት፤ ትዋኛለች።» ሸምሲያ እባላለሁ አለችኝ። «እዚህ ሴት ሁሉ ይዋኛል።»

«ከየት ተምራችሁ?»

«ድሮ አንዲት አስተማሪ ነበረች። ንግስቲ የምትባል።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሸምሲያ እያጠበች ነገረችኝ። በልጅነቷ፣ ወንዙ በሞላበት ወቅት፣ ታላቅ እህቷ ከቡና ለቀማ ስትመለስ ውሃ ወሰዳት። ሰዎች ዳር ቆመው እያዩ ነው የወሰዳት፤ የሚገባ አልተገኘም። አስተማሪዋ ተዕዚያ መጣች። ቁጭ ብላ ቆየችና፣ «እንዴት ከወንዝ ዳር ተወልዳችሁ ዋና አታስተምሯቸውም?» ብላ ጮኸች። ለቅሶ ቤት እንዲህ ይባላል ወይ ብለው ተቆጧት። እሷ ግን በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ጠዋት ጠዋት፣ ወንዶች ሳይወርዱ፣ ልጃገረዶቹን ከነቀሚሳቸው እየያዘች ውሃው ላይ ታስተኛቸው ነበር። ሼኹ መጀመሪያ ላይ ከለከሉ። ኋላ ራሳቸው የልጅ ልጃቸውን ላኩ።

«ትቆጣ ነበር?» አልኳት።

«እኛ ስንፈራ አትቆጣም። ትዘምር ነበር፤ በራሷ ቋንቋ። ውሃ ውስጥ ስትሆን ሌላ ሰው ናት። አንቺ ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«እኛ ቤት ነበረች» አልኩ።

ትንሿ ልጅ መሃል ላይ ተገለበጠችና ጠለቀች። ውሃው ከላይዋ ተዘጋ። ሳላስበው ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ሸምሲያ ነጭ አንሶላ እየጨመቀች ነበር፤ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ሙሽራዋ ቤተሰብ ታወራኝ ጀመር። ወንዙ ላይ ምንም የለም። ከዚያ ማዶ፣ ሸምበቆው ሥር፣ አንዲት ትንሽ ጥቁር ራስ ብቅ አለች፤ ፀጉሯን ከዓይኗ ጠርጋ ሳቀች።

ሸምሲያ ቀና ብላም አላየች።